ሞባይል ባንኪንግና አነስተኛ ነጋዴ፦ ሲስተሙ እየቆመም የማይተዉት ለምንድን ነው?

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ወደ አንድ ሱቅ የገባ ሰው በመስታወቱ ወይም በመደርደሪያው ጠርዝ ላይ በካርቶን ተጽፎ የተለጠፈ፣ በ1000 የሚጀምር ባለ 13 አኃዝ የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ ከሥሩም የቴሌብር ስልክ ቁጥር ሳያይ አይወጣም። አንዳንዱ ባለሱቅ የአራትና የአምስት ባንክ ሂሳብ ቁጥር በተርታ ይጽፋል። እነዚህ ቁጥሮች የሚወክሉትን አገልግሎት ከማንም በላይ የሚያማርረውም ራሱ ባለሱቁ ነው፤ ሲስተም የለም፣ ሜሴጅ አልገባም፣ ብሩ ከደንበኛው ተቆርጦ ለእኔ አልደረሰም እያለ ሲነጫነጭ ይውላል። ካርቶኑን ገንጥሎ የጣለ ግን አላየሁም። ይህን ያህል ቅሬታ የሚሰማበት አገልግሎት አነስተኛውን ነጋዴ በምን ያዘው? የሚሰጠው ጥቅም ከሚያስከፍለው ዋጋና ከሚያደርሰው እንግልት ጋር ሲመዛዘንስ ያዋጣል ወይ? ከዚህ ቀጥሎ አገልግሎቱን የምመዝነው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

ይህን የምጽፈው ከባንክ ወገን ሆኜ አይደለም። ሥራዬ የአነስተኛ ነጋዴዎችን የሂሳብ መዝገብ መያዝ ሲሆን፣ ከደንበኞቼ መካከል በመርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ በስድስት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላት፣ ምግብ ቤት የምታስተዳድርና የልብስ ስፌት ሥራ ያለው ይገኙበታል። በወር መጨረሻ የሚያስረክቡኝ ደረሰኝና የባንክ መግለጫ ብቻ አይደለም፤ ስልካቸውንም ጭምር አቅርበው መልእክቶቹን አንድ በአንድ አብረን እናነባለን። ስለዚህ አገልግሎቱን የማውቀው ከማስታወቂያው ሳይሆን ከመልእክት ሳጥኑ ነው።

ከመመዘኑ በፊት ነገሩ እዚህ የደረሰበትን መንገድ በአጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። በስልክ ገንዘብ ማዘዋወር በኢትዮጵያ ከቴሌብር በፊትም ነበር፤ ኤም ብርና ሄሎ ካሽ ቀደም ብለው ገብተዋል፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ሲቢኢ ብርን አስከትሏል። በየሱቁ መታየት የጀመረው ግን ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ባንክ ላልሆኑ ድርጅቶች በሩን ከከፈተና ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሥራ ካስጀመረ በኋላ ነው። ዛሬ የቴሌብር ተጠቃሚ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። ከሁሉ በላይ ግን፣ በእኔ ግምት፣ ነገሩን ወደ ታች ያወረደው ነዳጅ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ወዲያውም በመላ አገሪቱ የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ብቻ እንዲሆን ሲደረግ፣ የታክሲና የጭነት መኪና አሽከርካሪ ሁሉ ስልኩ ላይ ብር ይዞ መንቀሳቀስ ግድ ሆነበት። ስልኩ ላይ ብር ያለው አሽከርካሪ ደግሞ ምሳውንም፣ የጎማ ጥገናውንም፣ የመለዋወጫ ዕቃውንም በዚያው መክፈል ይፈልጋል። አሽከርካሪ ደንበኛ ያለው ሁሉ አብሮ ገባ።

አገልግሎት ሰጪዎቹ ለነጋዴ ሲያስተዋውቁ ዘወትር የሚያነሡት ደንበኛን ነው፤ ደንበኛዎ በቀላሉ ይክፈልዎ፣ ሽያጭዎ ይጨምር ይላሉ። እኔ በመዝገብ ላይ የማየው ሌላ ነው። አነስተኛውን ነጋዴ አጥብቆ የያዘው ከደንበኛው የሚቀበለው ክፍያ ሳይሆን ለአከፋፋዩ የሚልከው ክፍያ ነው። ደንበኛ በእጁ ጥሬ ገንዘብ ቢያመጣ ባለሱቁ ደስ ብሎት ይቀበላል፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ይመርጡታል። ችግሩ የሚመጣው ያ ጥሬ ገንዘብ ተጠራቅሞ ዕቃ ለማምጣት ሲፈለግ ነው።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ ትልቁ አዲስ ኖት 200 ብር ሆነ፤ አሁንም ከዚያ የሚበልጥ ኖት የለም። 100,000 ብር ለመክፈል 500 ኖት መቁጠር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ያውም ሁሉም ባለ 200 ከሆነ ነው። ከሱቅ የሚሰበሰበው ግን የአስር፣ የሃምሳና የመቶ ብር ቅልቅል ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫም ሆነ የወረቀት ዋጋ ሲያሻቅብ፣ ቀድሞ በኪስ ይያዝ የነበረው የዕቃ ማምጫ ገንዘብ ወደ ፌስታል፣ ከፌስታልም ወደ ቦርሳ ተሸጋገረ። ያን ቦርሳ ይዞ በመርካቶ መሐል መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አከፋፋዩም በበኩሉ ሲቆጥር መዋል፣ የተቀደደ ኖት መለየትና ማታ ወደ ባንክ ማጓጓዝ አይፈልግም፤ ስለዚህ «ትራንስፈር አድርጉልኝ» ይላል። አንዴ አከፋፋዩ ይህን ካለ ባለሱቁ ምርጫ የለውም። ለአከፋፋዩ የሚልከው ብር ስልኩ ላይ እንዲኖር ደግሞ ወይ ጥሬ ገንዘቡን ተሸክሞ ባንክ ቤት መሰለፍ አለበት፣ ወይም ደንበኛው ከመጀመሪያው ወደ ሂሳቡ እንዲያስገባለት ማድረግ አለበት። ካርቶኑ መስታወት ላይ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ብሩ በስልክ ገብቶ በስልክ ይወጣል፤ በመሐል ማንም አይቆጥረውም።

የክልል ከተማ ነጋዴ ዘንድ ይህ ጥቅም እጥፍ ድርብ ይሆናል። ቀድሞ በደሴ ወይም በጅማ ሱቅ ያለው ሰው ዕቃ ሲያልቅበት ሱቁን ዘግቶ፣ ገንዘቡን በሰውነቱ ላይ ደብቆ፣ አዲስ አበባ ድረስ ይመጣ ነበር። ዛሬ የዕቃውን ፎቶ በቴሌግራም ያያል፣ ዋጋ ይደራደራል፣ ብሩን ይልካል፣ ዕቃው በአይሱዙ ወይም በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ተጭኖ ይደርሰዋል። የመለዋወጫ ነጋዴው ደንበኛዬ ከክልል ገዢዎቹ አብዛኞቹን በአካል አይቷቸው አያውቅም፤ የሚያውቃቸው በድምፃቸውና በክፍያ መልእክቱ ላይ በሚወጣው ስማቸው ነው። ይህን ሁሉ ሥራ የተሸከመው አገልግሎት በሳምንት ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ቢቆም ሰውየው ይቆጣል እንጂ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ አይመለስም።

የዝርዝር ጉዳይ ሁለተኛው ምክንያት ነው፤ ትንሽ ቢመስልም በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ሱቅ የዋለ ሰው ያውቀዋል። የፎቶ ኮፒ ሱቋ ደንበኞች ተማሪዎች ናቸው። ለጥቂት ገጽ ኮፒ ድፍን 200 ብር የሚዘረጋ ተማሪ ሲመጣ መልስ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ሱቅ መሮጥ፣ ካልተገኘም በመልስ ፈንታ ከረሜላ ወይም ማስቲካ መስጠት የተለመደ ነበር። አሁን ተማሪው ትክክለኛውን ሂሳብ በቴሌብር ይልካል። የሚላከው ገንዘብ አነስተኛ ቢሆንም ወረፋውን ያቃልላል፤ ጠዋት ከፈተና በፊት ሃያ ተማሪ ተሰልፎ ባለበት ሰዓት መልስ አለመፈለግ ራሱን የቻለ ትርፍ ነው።

እንደ መዝገብ ያዥ እኔን በይበልጥ የሚመለከተኝ ግን ሦስተኛው ነው። የአነስተኛ ነጋዴ ትልቁ ድክመት ያልተጻፈ ሂሳብ ነው። ጥሬ ገንዘብ ከመሳቢያው ይወጣል፣ ለልጆች ዳቦ ይገዛበታል፣ ለዕቁብ ይጣልበታል፣ ለዘመድ ለቅሶ ይሰጣል፤ ማታ ሲቆጠር የጎደለው ለምን እንደጎደለ ማንም አያስታውስም። በስልክ የገባና የወጣ ገንዘብ ግን ባለሱቁ ሳይጽፈው ይጻፋል። እያንዳንዱ መልእክት የላኪውን ስም፣ የገንዘቡን መጠን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የግብይቱን መለያ ቁጥር ይዟል፤ የንግድ ባንክ ከሆነ መለያው በኤፍ ቲ ፊደላት ይጀምራል፣ አገናኙን ሲነኩትም ሙሉው ደረሰኝ ይከፈታል። ዱቤ ወስዶ «ከፍያለሁ» የሚል ደንበኛና «አልደረሰኝም» የሚል ባለሱቅ ቀድሞ ሽማግሌ ይፈልጉ ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም ስልካቸውን አውጥተው ቀኑን ይፈልጋሉ። የልብስ ሰፊው ደንበኛዬ ቀብድ የሚቀበለው በስልክ ብቻ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልብሱን ሊወስድ የመጣ ሰው ስንት እንደከፈለ ክርክር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ጉድለት ልጥቀስ፤ አገልግሎቱን ያቀዱት ሰዎች ሱቅ ውስጥ ሠርተው እንደማያውቁ የሚያሳብቅ ስለሆነ ነው። ገንዘብ ሲገባ የሚደርሰው መልእክት በአብዛኛው የባለቤቱን ቀሪ ሂሳብ ጭምር ይናገራል። ባለቤቱ ስልኩን ለሠራተኛው ትቶ ቢሄድ ሠራተኛው የቤቱን ሀብት በሙሉ ያውቃል፤ ደንበኛ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ቢያይም እንደዚያው። ስለዚህ ብዙ ባለቤቶች ስልኩን ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ በየሱቁ የሚሰማው ንግግር ይህ ነው፦

«እትዬ፣ ሁለት ሺህ አራት መቶ ገብቷል ወይ?»

«ቆይ ልየው። በማን ስም ነው?»

«በእህታቸው ስልክ ነው የላኩት ይላሉ።»

«የእህታቸው ስም ማን ነው?»

ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ ባለቤቷ ስብሰባ ወይም ቤተ ክርስቲያን ከሆነች ስልክ አታነሣም፣ ሠራተኛዋ ዕቃውን ልስጥ አልስጥ ብላ ትጨነቃለች። ፈጣን ነው የተባለው ክፍያ ከጥሬ ገንዘብ የዘገየ የሚሆነው በዚህ ቦታ ነው። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው በግለሰብ ቁጥር ሳይሆን በነጋዴ አካውንት መቀበል ነው። ቴሌብርም ሆነ ሲቢኢ ብር ለነጋዴ የተለየ መለያ ቁጥር ይሰጣሉ፤ የነጋዴ ገንዘብ ከግል ገንዘብ ጋር ስለማይቀላቀልም ሠራተኛ የሱቁን ስልክ ቢይዝ የቤተሰቡን ሂሳብ አያይም።

ታዲያ ነጋዴው ለምን በግል ሂሳብ ቁጥሩ ይጸናል? ከደንበኞቼ ጋር ደጋግሜ የተከራከርኩበት ጉዳይ ነው። ግልጹ መልስ ግብር ነው፤ በነጋዴ አካውንት የገባ ሁሉ ሽያጭ መሆኑ አይካድም፣ በግል ሂሳብ የገባ ግን የዘመድ እርዳታም፣ የዕቁብ ዕጣም፣ የብድር መመለሻም ሊባል ይችላል ብለው ያስባሉ። ይህ ስሌት ዓመት በዓመት እየሳሳ መሄዱን እነግራቸዋለሁ። ሂሳቦች ከፋይዳ መታወቂያ ጋር እየተሳሰሩ ባሉበት ወቅት የግል ሂሳብ መደበቂያ አይሆንም። እንዲያውም ግብር ሰብሳቢው የባንክ መግለጫ ቢጠይቅ ከዕቁብ የደረሰውን ገንዘብ ከሽያጭ ለይቶ የማስረዳት ጣጣ በነጋዴው ላይ ይወድቃል። ግብርን የሚፈራ ሰው በተለይ ሁለቱን መለየት ነበረበት። ግን ፍርሃት ከስሌት ይቀድማል፤ አገልግሎት ሰጪዎቹም ይህን ፍርሃት የሚያረግብ ማብራሪያ ለነጋዴው ሲሰጡ አልሰማሁም።

ወደ ዋናው ቅሬታ ልለፍ። «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል የአገልግሎቱ ትልቁ ነቀፌታ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲደክም፣ ወይም በባንኩ በራሱ ችግር አገልግሎቱ ሲቋረጥ ባለሱቁ የሚያየው ውጤት አንድ ነው። የአርብ ማታና የበዓል ዋዜማ ገበያ በሚደራበት ሰዓት መቆሙ ደግሞ ያበሳጫል። ከሁሉ የሚከፋው ሙሉ በሙሉ መቆሙ አይደለም፤ በግማሽ መሥራቱ ነው። ምግብ ቤት ያላት ደንበኛዬ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ የተላከላት የድግስ ቀብድ ከላኪው ተቆርጦ ለእሷ ሳይደርስ ቀናት ቆየ። ላኪው የመጀመሪያው ባንክ ሲሄድ «ከእኛ ወጥቷል» ተባለ፤ እሷ ሁለተኛው ዘንድ ስትሄድ «ለእኛ አልደረሰም» ተባለች። በመጨረሻ ገንዘቡ ለላኪው ተመለሰ፤ ይቅርታ የጠየቀ ወይም ምክንያቱን ያስረዳ ግን የለም። ባንኮቹን የሚያገናኘው ኢትስዊች የባንኮቹ የጋራ ድርጅት ነው፤ ለነጋዴው ግን የሚያንኳኳው በር የትኛው እንደሆነ ግልጽ አይደለም። ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሱቅ ብዙ ሂሳብ ቁጥር በካርቶኑ ላይ የሚጽፈው ለታይታ አይደለም። ደንበኛው ከየትኛውም ባንክ ቢሆን ከዚያው ወደዚያው እንዲልክለት ነው፤ በአንድ ባንክ ውስጥ የሚደረግ ዝውውር ከባንክ ወደ ባንክ ከሚደረገው ይልቅ አስተማማኝና ርካሽ መሆኑን ከልምድ አውቋል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በንግድ ባንክ የደረሰውም የሚረሳ አይደለም። ከዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ በተፈጠረ የሲስተም ችግር ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያዘዋውሩ አደሩ፤ ንግድ ባንክ ራሱ ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑን አስታወቀ። ባንኩ ገንዘቡን የማስመለስ ዘመቻ ከፍቶ አብዛኛውን አስመልሷል። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ግን አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋርጦ ነበር፤ በአንድ ባንክ ብቻ የሚገበያይ ነጋዴ ዕቃውን ዘርግቶ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ቴሌብር ወይም ሌላ የግል ባንክ መተግበሪያ ያልጨመረ ደንበኛ የለኝም። አስገራሚው ነገር ይህ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ነጋዴው ሁለተኛ ይጨምራል እንጂ ወደ ጥሬ ገንዘብ አይሸሽም።

ማጭበርበር ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በተለይ የተቀነባበረ ስክሪንሾት። ሰውየው የቀድሞ ደረሰኝ ምስል ላይ ቀኑንና መጠኑን ቀይሮ ያሳያል፣ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ሌላው የአገልግሎቱን መልእክት ቃል በቃል ገልብጦ ከተራ ስልክ ቁጥር ይልካል። የዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የደንበኛውን ስልክ ሳይሆን የራስን ስልክ ማየት። የቴሌብር መልእክት ከ127 ይመጣል፤ ከሌላ ቁጥር የመጣ ሁሉ ሐሰት ነው። መልእክቱ ከዘገየ ደግሞ መተግበሪያውን ከፍቶ ቀሪ ሂሳብን ማየት ይበቃል፤ ኢንተርኔት ከሌለም ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ *889# መደወል ይቻላል። «በስህተት ልኬብሃለሁና መልስልኝ» የሚለውም ሳይመረመር አይመለስም። ከባንክ ነው የምደውለው ብሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ባንክ ውስጥ የለም፤ ይህን ሁሉም ሰምቶታል፣ አሁንም ግን የሚታለል አለ።

አገልግሎቶቹን እርስ በርስ ሳወዳድራቸው አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ የሚተካ ሆኖ አላገኘሁትም። የንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ ጥንካሬው ስፋቱ ነው፤ ሂሳብ የሌለው ሰው ማግኘት ያስቸግራል፣ ለአከፋፋይ ዳጎስ ያለ ክፍያ ለመላክ የሚመረጠውም እሱ ነው። ቴሌብር ለትናንሽ ክፍያ ይቀላል፤ ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልክም ይሠራል፣ የባንክ ሂሳብ የሌላት ጉሊት ሻጭ ሳትቀር ትገለገልበታለች። መብራት፣ ውሃ፣ የትራፊክ ቅጣትና የመንግሥት አገልግሎት ክፍያ በዚያው መፈጸሙ ባለሱቁን ከስንት ወረፋ አድኖታል። የቀሪ ሂሳብ ጣሪያ ስላለው ግን የጅምላ ነጋዴን አያረካም፤ በየጊዜው ወደ ባንክ ማሻገር ይጠይቃል። ኤምፔሳ መተግበሪያው የተስተካከለ ነው፤ ለአነስተኛ ነጋዴ ዋነኛ ለመሆን ግን ገና የደንበኛ ብዛት ይጎድለዋል፤ ነጋዴ የሚሄደው ደንበኛው ወዳለበት ነውና። ከግል ባንኮች የአቢሲንያው አፖሎና የዳሸን ባንክ መተግበሪያ የየራሳቸው ተጠቃሚ አላቸው፤ በሱቅ ውስጥ የማገኛቸው ግን በአብዛኛው እንደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሂሳብ ነው።

ስለ ክፍያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአንድ ባንክ ውስጥ ለሚደረግ አነስተኛ ዝውውር የሚቆረጠው በሳንቲም ደረጃ ያለ ነው፤ መጠኑ ሲጨምርና ባንክ ሲሻገር ከፍ ይላል፣ በአገልግሎት ክፍያው ላይም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። ነጋዴዎች ስለ ታክሱ ሲያጉረመርሙ እሰማለሁ፤ ነገር ግን በወሩ መጨረሻ ደምሬ ሳሳያቸው ከአንድ ቀን የታክሲና የወዛደር ወጪ ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ያገኙታል። ብዙ ትናንሽ ዝውውር የሚያደርግ ሰው ግን ወጪውን በየወሩ መዝግቦ ቢይዝ ይበጃል፤ የንግድ ወጪ ስለሆነ መዝገብ ላይ መግባት ይገባዋል።

ብድር በቅርብ ዓመታት የመጣ ማጥመጃ ነው፤ ማጥመጃ የምለው በክፉ ብቻ አይደለም። ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር መላ የተባለውን አነስተኛ ብድር፣ እንደኪሴ የተባለውን የጎደለ መሙያና ሳንዱቅ የተባለውን ቁጠባ አቅርቧል። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ምቹ የተባለ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የታሰበ ያለ ዋስትና የሚሰጥ ዲጂታል ብድር አለው። ለአንድ ባለሱቅ የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ሳያስይዝ ገንዘብ ማግኘት ቀድሞ የሚታሰብ አልነበረም፤ ከአራጣ አበዳሪ ወይም ከዘመድ በቀር መድረሻ አልነበረውም። የብድሩ መጠን ባለፈው እንቅስቃሴው ላይ ስለሚመሠረት ሰውየው ብዙ ብር በዚያው መስመር እንዲያስተላልፍ ይገፋፋል። ደንበኞቼ አገልግሎት ልቀይር ብለው ሲያስቡ የሚያቆማቸው አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ በአንዱ ዘንድ ያጠራቀሙትን ታሪክ ወደ ሌላው ይዘው መሄድ አይችሉም። ብድሩ ለአጭር ጊዜ የዕቃ ማምጫ ሲውል ይጠቅማል፤ የሳምንት ገበያ ከፍሎት ይመለሳልና። ለቤት ኪራይና ለትምህርት ቤት ክፍያ የወሰዱት ግን የአገልግሎት ክፍያውና የመዘግየት ቅጣቱ ሲደራረብባቸው አይቻለሁ፤ የመክፈያው ቀን ሲደርስ ከሂሳቡ በራሱ ጊዜ ስለሚቆረጥ ለአከፋፋይ የታሰበው ብር ሌሊት ጠፍቶ ያድራል።

በአቤቱታ አቀባበል ሁሉም ደካማ ናቸው፤ እዚህ ላይ የምለየው የለም። የጥሪ ማእከሉ መስመር ሲያዝ ሙዚቃ ይሰማል፣ ሲነሣም «ቅርንጫፍ ይሂዱ» ይባላል፣ ቅርንጫፉ «ዋናው መሥሪያ ቤት ይመለከተዋል» ይላል። ለነጋዴ የተለየ የአቤቱታ መስመር፣ የመፍትሔ ቀነ ገደብና የክትትል ቁጥር ቢኖር ከማናቸውም አዲስ አገልግሎት ይበልጥ ይጠቅም ነበር። በግማሽ የቀረ ዝውውር ያጋጠመው ሰው የግብይቱን መለያ ቁጥር፣ ሰዓቱንና የላኪውን መልእክት ወዲያው ፎቶ አንሥቶ ያስቀምጥ፤ ያለዚህ የሚሰማው የለም።

ሱቅ ለሚከፍት ሰው እንግዲህ የምመክረው ይህን ነው። ለአከፋፋይ ክፍያና ለትልልቅ ገቢ አብዛኛው አቅራቢው የሚጠቀምበት ባንክ ሂሳብ ይክፈት፤ ባንኩን የሚመርጠው በማስታወቂያው ሳይሆን አቅራቢዎቹን ጠይቆ ይሁን። ለዕለት ተዕለት ትናንሽ ክፍያ ቴሌብርን በነጋዴ አካውንት ይያዝ፤ መልእክቱ የሚገባበት ስልክም ሱቁ ውስጥ የሚቀር፣ ሌላ ነገር የሌለበት ቀላል ስልክ ይሁን። ማታ ሱቁ ሲዘጋ በስልክ የገባውንና በመሳቢያ ያለውን ለየብቻ ጽፎ ይደምር። ሲስተም በሚቆምበት ቀን ደንበኛ እንዳይመለስ ጥቂት ጥሬ ገንዘብና ዝርዝር በመሳቢያው ውስጥ ይኑረው፤ ለታወቀ ደንበኛ በዱቤ መዝገብ ላይ ስሙን፣ መጠኑንና ስልኩን ጽፎ ዕቃውን መስጠት፣ ለማይታወቅ ግን መልእክቱ በራሱ ስልክ ላይ እስኪገባ ዕቃውን አለማውጣት ነው።